የጡት ልጅ ጡረታ

ቡሬ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የጡረታን ጉዳይ ያህል ሰውን ያስናቀኝ ነገር የለም። ጡረታውን ራሱን አልናቅሁትም፤ እሱ ሕግ ነው፣ ምን አደረገኝ። የናቅሁት በዙሪያው የተሰበሰበውን ሰው ነው፤ ሊያስረዳ መጥቶ ራሱ ያልገባውን፣ ሊሰማ መጥቶ ያንቀላፋውን፣ ከደመወዙ እስኪቆረጥበት ድረስ ሕግ መኖሩን የማያውቀውን። ከሁሉም አብልጬ የናቅሁት ግን የፋብሪካችንን ሥራ አስኪያጅ ነው። ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው ሰላምታዬን አላባክንበትም።

ጊዜው የግል ድርጅት ሠራተኛም በጡረታ ይታቀፍ የሚለው ዐዋጅ የወጣ ሰሞን ነበር። እስከዚያ ድረስ ጡረታ ማለት ለእኛ አገር ሰው የመምህርና የወታደር ነገር ነው። ከዞኑ ከተማ ከፍኖተ ሰላም አንድ አሠልጣኝ ግንዛቤ እንዲያስጨብጠን ተላከ። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ስለሆንኩ ሰውየውን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ያሠለጥናል፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያሠለጥናል፣ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ያሠለጥናል። የውሎ አበል ይኑርበት እንጂ የማያውቀው ርእስ የለም።

ስብሰባው የተደረገው በዱቄት መጋዘኑ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ የፉርሽካ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ያያል። አሠልጣኙ ጽሑፉን ያነባል፤ አንብቦ ሲጨርስ "በሌላ አነጋገር" ይልና ያንኑ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። "ልማታዊው መንግሥታችን" እያለ መሐል ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ግድግዳው ሲጨልም የሰውየው ዕውቀትም አብሮ ጨለመ። ከራሱ አንድ ቃል መናገር አቅቶት እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ እኔ ዞረ። "ቀሪውን የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ታብራራላችኋለች" ብሎ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ጥብስ ሊበላ ሄደ። ዐዋጁን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጡረታ ጥያቄ መላሽ ሆኜ ቀረሁ።

ጥያቄው አያልቅም፣ አዲስ ነገርም የለውም። አንዱ ተሸካሚ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ቢሮዬ ብቅ ይልና "የምትቆርጡብኝን አጠራቅማችሁ ባንድ ጊዜ ስጡኝ፣ በግ ልግዛበት" ይለኛል። ጡረታ ዕቁብ እንዳልሆነ፣ ዕጣ እንደማይወጣለት፣ ሲያረጅ በየወሩ እንደሚከፈለው እነግረዋለሁ። "ታዲያ እኔ እስካረጅ በጊቱ አትወልድም?" ይላል። ይህን ትልቅ ብልሃት አድርጎት ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ይውላል። ሌላው ደግሞ ዕድሜው እንዲስተካከልለት ይፈልጋል። ሲቀጠር ጎረምሳ ለመምሰል ከዕድሜው ላይ ቀንሶ አስመዝግቧል፤ አሁን ወገቡ አልታዘዝ ሲለው "እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ" ብሎ ይመጣል። ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ አይለወጥም። "ያኔ ልጅ ነኝ ያልከው አንተ፣ ዛሬ አርጅቻለሁ የምትለው አንተ፣ እኔ የትኛውን ልመን?" ስለው በማግሥቱ የክርስትና አባቱን በምስክርነት ይዞብኝ መጣ። የክርስትና አባትየው ከእሱ ያነሰ ይመስል ነበር።

የወፍጮ ማሽን ሠራተኛው በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ። ቡሬ ውስጥ ሚስት አለችው፤ በነቀምት መንገድ ወረድ ብሎ ደግሞ ሌላ ቤት አለው። የሞተ እንደሆነ ጡረታው ለሁለቱም እኩል ይካፈል እንደሆነ ሊያውቅ ፈለገ። "በሕይወት እያለህስ እኩል ታካፍላቸዋለህ?" አልኩት። ቆቡን አንሥቶ ወጣ፣ ሁለተኛም አልጠየቀኝ።

በቀጥታ ያልተጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። "ያለፈው ክረምት እንዲህ የሚያባራ መስሎሽ ነበር?" ይሉኛል፣ በመስኮቱ አሻግረው እያዩ። "አይ ጊዜ! የዱሮዎቹም ማኅተም ነበራቸው እኮ" ይላሉ። ይህ መንግሥት ቢወድቅ ማን ይከፍለናል ማለታቸው ነው። እኔም ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ሰማዩን አይቼ "ገበሬው ቢለወጥም ማሳው የትም አይሄድም" እላቸዋለሁ። ሁላችንም ፈሪዎች ነበርን፤ ፍርሃታችንን ደግሞ ጨዋነት እንለው ነበር።

የበር ዘበኛችን ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ለየት ያለ ነበር። ዘበኛችን ረጅም፣ ደረቅ፣ ክርክር የማይወዱ ግን የማይሸነፉ ሰው ናቸው። ዱሮ መንግሥት ቤት በመንገድ ሥራ ዘበኝነት አገልግለው ስለነበር የቀድሞው አገልግሎታቸው ተደምሮ ጡረታቸው ከማንኛችንም ይልቅ የተሟላ ነበር። ክረምትም ሆነ በጋ ድርጅቱ የሰጣቸውን ወፍራም ካፖርት አያወልቁም። ክንዱ ላይ ተቀድዶ በሌላ ቀለም ጨርቅ ተጥፏል። በዚያ የስብሰባ ቀን መብራት ጠፍቶ አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ፣ በሩ ላይ እንደቆሙ እጃቸውን አወጡ።

"የጡት ልጅ ልጅ ናት ወይስ አይደለችም?" አሉኝ።

መጋዘኑ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የሳቁትን ታዘብኳቸው፣ ከእነሱ ውስጥ ስንቱ በጡት አባት እንዳደገ አውቃለሁ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በእኛ አገር ልጅ በመውለድ ብቻ አይገኝም። ለሰውየው ሽማግሌ ይላክና "የጡት አባት ሁናት" ይባላል። እሺ ካለ ቄሱና ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ሕፃኗን ያጠባታል፣ ከአብራኬ እንደተከፈለች ልጄ ናት ብሎ ይምላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ነው፣ ነገሩም ያልቃል።

የዘበኛውም ነገር እንዲሁ ነበር። ጎረቤታቸው ሚስቱ በወሊድ ሞታበት፣ እሱም መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ልጅቱን አያቷ ይዘዋት ነበር፤ አያትየው ዓይናቸው ሲደክም ሽማግሌ ላኩ። ዘበኛው ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው አጠቡ፣ ማሉ። እኔ ሳውቃት ልጅቱ ቡሬ ትምህርት ቤት ትማራለች። ቀን ቀን ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥራ ታመጣና እስኪበሉ ድረስ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታነባለች። የካፖርቱን ክንድ የጣፈችው እሷ ናት፤ ጥፈቱ ግን ጠማማ ነበር።

"ልጅ ናት" አልኳቸው በኋላ ብቻቸውን ሳገኛቸው። "ግን ለጡረታው ይህ አይበቃም። የጉዲፈቻ ልጅ መሆኗን ፍርድ ቤት ማጽደቅ አለበት። ሽማግሌዎቹን ይዘው ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂዱ፣ የማሉትን እዚያ ይድገሙት፣ ዳኛው ይጽፍልዎታል።"

"ምኑን ነው የምደግመው?"

"መሐላውን ነዋ።"

"አንች ልጅ" አሉ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። "እኔ ምዬ ጨርሻለሁ። ያንኑ ዳኛ ፊት ብደግመው እስተዛሬ ልጄ አልነበረችም ማለት እንጅ ሌላ ምንድን ነው?"

"አባቴ፣ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ምንም አይሰጧትም። ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ልትገባ ነው። ይህን ይፈልጋሉ?"

"እግዜር ያውቃል" ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

እንዲህ ያለ ድርቅና ያቃጥለኛል። ሳላቸው እየባሰ ነበር፤ የሚያስሉት ሰውነታቸው እስኪናወጥ ድረስ ነው። ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ የሚሄዱት ጠበል ነው። እንግዲያው ሽማግሌዎቹን ላሳምን ብዬ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሰፈራቸው ሄድኩ። መሐላውን ያስፈጸሙት የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው በአጥራቸው ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ ዐዋጁን፣ ወረቀቱን፣ የልጅቱን ዕጣ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ቡናም አስፈሉልኝ።

"ጥሩ ተናግረሻል" አሉ። "እኛ ግን ያንን አንድ ጊዜ ምለናል። ያንኑ ዳግም ማሉ ስትይን የፊቱን አፍርሱ ማለትሽ ነው። ይኸን ደግሞ ተእኛ ወገን የሚያደርግ የለም።"

ልጅ እንዳትራብ የተማለውን መሐላ ለማክበር ሲሉ ልጅ ሊያስርቡ ነው። ይህን አልኳቸው፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ። አልተቆጡም፤ ይብስ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰማ ለሳምንት መሳቂያ አደረገው። "በማር የሚገኝ ልጅ ካለ እኔም አንድ ቆርቆሮ ልግዛ" እያለ ለነጋዴው ሁሉ ያወራል። ወልዶ ያሳደጋቸው ልጆቹ ዓመት ሙሉ ስልክ እንደማይደውሉለት ቡሬ በሙሉ ያውቃል። በዘበኛው የቤተሰብ ሁኔታ መግለጫ ላይ ልጅቱን አስገብቼ ማኅተም እንዲያደርግ ስሰጠው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዛት። "ይቺ ልጁ አይደለችም። ድርጅቱን ነገር ውስጥ እንዳታስገቢው" አለኝ። ከኪሱ የሚወጣ ምንም ነገር አልነበረም። የከለከለው መከልከል ስለሚችል ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዘበኛውን ለምኜም ተቆጥቼም አንድ ቀን ከነልጅቱ ፍርድ ቤት ወሰድኳቸው። ሽማግሌዎቹ ባይመጡም ዳኛው ልመናቸውን ከሰማ አንድ መላ ይገኛል ብዬ ነበር። ዳኛው ወጣት ነው፣ ሰው ያከብራል፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

"አባት፣ ምን ፈልገው መጡ?"

"እኔስ ምንም። ይች ናት ያመጣችኝ" አሉ፣ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ዳኛው እኔን አየኝ፣ ልጅቱን አየ። "ይቺ ልጅ የርስዎ ምን ናት?"

"ልጄ ናት።"

"እንግዲህ በጉዲፈቻ ልጅዎ እንድትሆን ፍርድ ቤቱን ይጠይቃሉ ማለት ነው?"

"ልጄ ናት አልሁ እንጅ ትሁንልኝ አልሁ?"

ከኋላ የተቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ ሳቀ። ዳኛው የሚጽፈው ነገር ስላጣ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ያልተጠየቀውን ሊሰጥ አይችልም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በባጃጅ ስንመለስ አላናገርኳቸውም። እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው ነበር፤ "ዳኛው ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰማኝ" እያሉ ለልጅቱ ሲነግሯት ቆዩ። ልጅቱም ቀና ብላ ሳቀችላቸው። በዚያች ሰዓት ሁለቱንም ጠላኋቸው ብል ውሸት አይሆንም።

ዘበኛው በሐምሌ ዝናብ መሐል ሞቱ። በሠልስታቸው ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ የሥራ አስኪያጁ መኪና ጭቃውን እየረጨች መጣች። ከቀብሩ ቀርቶ ስለነበር ሰው ዛሬስ ሰብአዊነት ተሰማው አለ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ዳሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ቀረበለት፣ ዘግኖ በላ። እጁን አራግፎ ሲያበቃ ልጅቱን በጣቱ ጠራት። ጥቁር ነጠላ አደግድጋ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"የአባትሽ ካፖርት የድርጅቱ ንብረት ነው" አላት። "አዲሱ ዘበኛ በብርድ ቆሟል። የት ነው ያስቀመጥሽው?"

ልጅቱ ዝም ብላ መሬት ታያለች። ዝምታዋን እንቢታ መሰለውና ተቆጣ። "እሱ ሲሞት ንብረት የማስረከብ ግዴታው የልጁ ነው! ከአንቺ ሌላ ልጅ አለው እንዴ? ማንን ልጠይቅ?"

የሽማግሌዎቹ አለቃ ከተቀመጡበት ጥግ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጌታው፣ ጆሮዬ ደክሟል፣ ይቅርታ ያርጉልኝ። የማን ካፖርት አሉ?"

"የአባቷ!" አለ እየጮኸ።

"አስረክቢ ያሏትስ ምኑ ስለሆነች ነው?"

"ልጁ ናታ! ልጁ አይደለችም እንዴ?"

"ናት" አሉ ሽማግሌው፣ እየተቀመጡ። "እኛስ ናት ነው የምንል።"

ልጅቱ ካፖርቱን ከቤት አወጣች። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሥርዓት ታጥፎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አገላብጦ አየው፣ የተጣፈውን ክንድ አይቶ ፊቱን አጨማደደ፣ መኪናው ውስጥ ወርውሮት ሄደ። አልቅሼ የማላውቅ ሴት አይደለሁም፣ ግን እንደዚያን ቀን በንዴት አልቅሼ አላውቅም። የቀበሯቸው ሰዎች ገና እግራቸውን ሳይታጠቡ ለአንድ አሮጌ ካፖርት የመጣ ሰው ምን ይባላል? ለዚህ የሚሆን ስድብ ፈልጌ አጣሁ።

ሰው ሲበተን ሽማግሌው ጠሩኝ። "ፍርድ ቤቱ የት ነው ያልሽን?" አሉኝ።

"አንምልም ብላችሁኝ የለም?"

"የፊቱን አንምልም። ይኸ ግን አዲስ ነገር ነው፣ ገና አልማልንበትም። ድርጅቱ ሟቹን አባቷ ነው ብሎ፣ ልጁ ነሽ ብሎ፣ ንብረት ሲረከባት በጆሯችን ሰምተናል፣ ባይናችን አይተናል። በዚህ እንምላለን።"

ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩ፣ ልጅቱ ፈረመች። ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ቀን ነጭ ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ያ ወጣት ዳኛ አወቀን፤ ልጅቱን ሲያይ ዓይኑን ያኔ አባቷ ቆመውበት ወደነበረው ቦታ መለሰና ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ የሰሙትን መሰከሩ፤ ስለ ማሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም፣ ስለ ካፖርቱ ብቻ ተናገሩ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ በመጥሪያ ቀረበ። ከረባት አስሮ ነበር። መስቀል ይዞ፣ እውነቱን ሊናገር ማለ።

"ሟች የዚህች ልጅ አባት ናቸው?" አለው ዳኛው።

"እኔ የማውቀው ነገር የለም" አለ።

"ካፖርቱን ተረክበዋል?"

"ንብረታችን ስለሆነ..."

"ከማን ነው የተረከቡት?"

ሽማግሌዎቹን አየ፤ እነሱም አዩት፣ አንዳቸውም ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሡም። ልጁ አይደለችም ቢል ከለቅሶ ቤት ከባዕድ ልጅ እጅ ካፖርት ቀምቶ ወጣ ሊባል ነው። ቡሬ ይህን ለዓመታት ያወራዋል። ሥራ አስኪያጁ ሕግ አይፈራም፣ ወሬ ግን ይፈራል።

"ከልጁ" አለ።

ዳኛው ብዕሩን አነሣና ጻፈ። ጎረቤቶችም እንደ ልጃቸው ይዘው እንዳሳደጓት መሰከሩ፣ ልጃቸው ናት የሚል ውሳኔ ወጣ፣ የጡረታው መሥሪያ ቤትም ተቀበለው። ልጅቱ ሰው ቤት አልገባችም። ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ስትሄድ በፋብሪካው በር ታልፋለች፣ አዲሱ ዘበኛ የአባቷን ካፖርት ለብሶ ቆሟል። የተጣፈውን ክንድ ታያለች፣ ታልፋለች። ሟቹን ዘበኛ ስለ ድርቅናቸው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። በዚያ ላይ እኔ ዐዋጅ አንብቤ ያቃተኝን ነገር የፈታው የአንድ ሰው ስስት መሆኑ ያበሽቀኛል።

በዓመቱ ያው አሠልጣኝ ለድጋሚ ግንዛቤ መጣ። ያው መጋዘን፣ ያው ጆንያ፣ ያው ጽሑፍ ግድግዳው ላይ። በዚህኛው ጊዜ መብራት አልጠፋም፣ ይብላኝ ለእኛ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው። ጥያቄ ሲባል አንድ አዲስ የተቀጠረ ተሸካሚ ከኋላ ተነሣ። "የጡት ልጅ ልጅ ነው ወይስ አይደለም?" አለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። አሠልጣኙ ጽሑፉን ወደፊት ወደኋላ ሲያገላብጥ ቆይቶ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ከፊት ወንበር ወደተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ዞርኩ።

"ይህን ሥራ አስኪያጁ ይመልሱልህ" አልኩት። "ምለው የመሰከሩበት ነው።"

መጋዘኑ በሙሉ ጠበቀው። አዲሱ ዘበኛም በሩ ላይ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሞ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ ተነሣ፣ ከረባቱን ነካካ፣ ጫማውን እያየ "ልጅ ነው" አለ።